ባሕሩ የት ሄደ?

ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ነው። የሰባት ዓመቱ ልጄ የዋና ልብሱን ለብሶ፣ የፀሐይ ክሬሙ ፊቱ ላይ እንደ ሊጥ ተለጥፎ፣ የመዋኛ ጎማውን ወገቡ ላይ አጥልቆ ከክፍላችን ሮጦ ወጣ። ቡናዬን ፉት ሳልል ተመልሶ መጣ።

“ማሚ፣ ባሕሩ የለም!”

ሊቀልድብኝ መስሎኝ “ሂድ ወዲያ” አልኩት። እጄን ይዞ ጎተተኝ። ልጁ አልዋሸም። ትናንት ከሰዓት ስንደርስ ከበረንዳችን ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ የነበረው ያ ሰማያዊ ውሃ ጠፍቷል። በቦታው ዓይን እስከሚደርስ ድረስ እርጥብ አሸዋ፣ እዚህም እዚያም ኩሬ፣ በጎናቸው የተጋደሙ ጀልባዎች። ማዕበሉ የሚሰበርበት ነጭ መስመር ከሩቅ፣ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል።

እናቴ ከኋላችን መጣች። ለዚህ ቀን ብላ ከአዲስ አበባ ያመጣችውን ነጭ ነጠላ ለብሳለች። ዝም ብላ ብዙ አየችና “ሸሸ” አለች። “እኔን አይቶ ይሆን?”

ልጆቹ ሳቁ። ባለቤቴም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ የእኔ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ያንን የባሕር ዳርቻ ከሌሎቹ ሁሉ አወዳድሬ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

አምስት ሰው፣ አምስት ምኞት

ነገሩ የተጀመረው የዕቁብ ዕጣ ሲወጣልኝ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ልጆቻችን ቤት ውስጥ ታሽገው፣ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው ሁለት ወር ያልፋል። ሲሻለን ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ሁለት ሌሊት አድረን እንመለሳለን። “ዘንድሮስ ባሕር እናያለን” ብዬ ቃል ገባሁ።

ከልጆቹ ይልቅ ቃሉን የገባሁት ለእናቴ ነበር። እናቴ የኖረችው አሰብ ነው። አባቴ የወደብ ሠራተኛ ነበር፤ እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የቤታችንን ቁልፍ ይዘን፣ ቤቱን ትተን ወጣን። አባቴ አዲስ አበባ ከገባን ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ባሕር አላየችም። ስለ አሰብ ሙቀት ታወራለች፤ ማታ ማታ አልጋ ወደ ግቢ አውጥቶ ስለ መተኛት፣ ስለ ጎረቤቶቿ፣ ስለ ዓሣው ታወራለች። ስለ ባሕሩ ግን አታወራም። ቴሌቪዥን ላይ ባሕር ከመጣ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ዘንድሮ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷም እየደከመ ሄዷል። “አንድ ቀን እወስዳታለሁ” የምለው ነገር ጊዜ እያለቀበት እንደሆነ ይታየኝ ነበር።

ታዲያ የት እንሂድ? ባለቤቴ ዘመድ ስላለን ዱባይን አነሳ። ሐምሌ ላይ የዱባይ ሙቀት ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍ፣ ባሕሩም ለብ ያለ ገንዳ እንደሚሆን ስነግራት እናቴ “ከአሰብ ሙቀት ወጥቼ ወደ አሰብ ሙቀት?” ብላ ጨረሰችው። ሞምባሳና ዛንዚባር ቀሩ። እኛ ጃንጥላ በምንይዝበት በሐምሌና በነሐሴ የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ዝናቡ ቀንሶ፣ ሙቀቱ ለዝቦ ለእረፍት የሚመችበት ጊዜው ነው። ዛንዚባር ከቦሌ በአውሮፕላን ግማሽ ቀን የማይፈጅ መንገድ ስለሆነ አሸነፈ። እናቴ “ፍልሰታ ሳይገባ ቤቴ መሆን አለብኝ” ስላለች ሐምሌን ቆረጥን።

ከባዱ ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ደሴቲቱ ዙሪያዋን የባሕር ዳርቻ ነው፤ የቱ ይሻላል? የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ የምትፈልገው ፎቶ የሚያምርበትን ነው። ትንሹ ዋና አይችልም፤ የሚፈልገው አሸዋ መቆፈር ነው። ባለቤቴ በጀልባ ወጥቶ ኮራልና ዓሣ ማየት ያምረዋል። እኔ ጸጥታ ፈለግሁ። እናቴን ስጠይቃት “እናንተ ያላችሁበት” አለችኝ። እናቶች እንዲህ ሲሉ ምርጫ የላቸውም ማለት አለመሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።

ሁለት ምሽት ሙሉ ፎቶ ሳገላብጥ አመሸሁ። በመጨረሻ አንዱ ዓይኔን ያዘው፦ ወደ ውሃው ያዘመመ ዘንባባ፣ ዱቄት የመሰለ አሸዋ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ውሃ፣ ሸራዋን የዘረጋች ጀልባ። ቦታው ጃምቢያኒ ይባላል፤ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጠረፍ ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አራት ሌሊት እዚያ ያዝኩ። ባለቤቴ “ሰባቱንም ቀን አንድ ቦታ ይሰለቻል” ስላለኝ ቀሪውን ሦስት ሌሊት በሰሜኑ ጫፍ ኬንድዋ አደረግሁት። በሁለቱ መካከል ከፎቶ ሌላ ምን ልዩነት እንዳለ አልጠየቅሁም። ባሕር ዳር የተወለድኩ ሰው ነኝ፤ ባሕር አውቃለሁ ብዬ ነበር። የማውቀው ግን ቀይ ባሕርን ነው።

ሰዓት አራት

ቀይ ባሕር ከውቅያኖሱ ጋር የሚገናኘው በጠባቡ በባብ ኤል መንደብ በር በኩል ስለሆነ የውሃው ከፍና ዝቅ ማለት አነስተኛ ነው። ላንጋኖማ ጠዋትም ማታም እዚያው ነው። ዛንዚባር የገጠመን ግን የሕንድ ውቅያኖስ ነበር። በዚያ ጠረፍ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላት እስከ ሽሽት ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃዎች ይፈጃል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በዛንዚባር ያን ጊዜ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ከፍታ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ይጠባል።

እኛ የደረስነው በሙሉ ጨረቃ ነው። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ባሕሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ተቀበለን፤ በፎቶው ላይ ያየሁት ሁሉ ነበር። ያንን ፎቶ ያነሳው ሰውም በዚያ ሰዓት ቆሞ እንደነበር የገባኝ በማግስቱ ነው።

ይህን ሁሉ ያስረዱን ከማረፊያችን ፊት ጀልባቸውን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ልጄ “ባሕሩ የት ሄደ?” ብላ በእንግሊዝኛ ስትጠይቃቸው ስቀው “ማጂ ኩፕዋ” አሉ፤ ውሃው ሸሽቷል ማለታቸው ነው። ሲሞላ ደግሞ “ማጂ ኩጃ” ይሉታል። በእጃቸው ወደ ነጩ መስመር እያመለከቱ “ሳ ኒኔ” አሉ። ባለቤቴ ቋንቋ ሊያሳየን ፈልጎ “ኒኔ አራት ነው፤ አራት ሰዓት ማለት ደግሞ በእነሱ ወይ ሌሊት ወይ ከሰዓት ነው” አለ። እናቴ የእጅ ሰዓቷን አየች። አራት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል።

“ምን ነካህ፣ አሁን እኮ ነው የሚሉት” አለችው።

ልክ ነበረች። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ አንድ ይላሉ። የሰዓት ቀጠናችንም አንድ ነው። አውሮፓዊ ጎረቤቶቻችን ስድስት እየቀነሱና እየደመሩ ሲምታቱ እናቴ ከሽማግሌው ጋር ያለ አስተርጓሚ ተግባባች። ባሕሩንም “ባሃሪ” ሲሉ ሰምታ “ይኸው፣ ቃሉም የእኛው ነው” ብላ ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ማረፊያችን እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በቁጥር የተሞላ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ስንገባ አይቼው የሠራተኞች የፈረቃ ሰሌዳ መስሎኝ አልፌዋለሁ። የየቀኑ የውሃ መሙያና መሸሻ ሰዓት ነበር። ሰዓቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል፤ ዛሬ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ላይ የሸሸ ውሃ ነገ ወደ 5 ከሩብ ይሄዳል። ባለቤቴ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አነሳው። ችግሩ፣ ማንበብ ያለበት የመሸሻውን ሰዓት ብቻ መስሎት ነበር።

ሴቶቹ ሲወጡ

እውነት ለመናገር ውሃው ሲሸሽ ጃምቢያኒ ሌላ ውበት አለው። የመንደሩ ሴቶች ካንጋቸውን አሸርጠው፣ ጆንያ ይዘው ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳሉ። በእንጨት ችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ያለማሉ፤ ሙዋኒ ይሉታል። አድርቀው ይሸጡታል፤ ከእሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ለማወፈር ይውላል። የሥራ ሰዓታቸውን የሚወስነው ጨረቃ ነው። ልጆቼ በየኩሬው ኮከብ ዓሣ እየፈለጉ ቀኑን ዋሉ። ለጥቁሩ የባሕር ጃርት ሲባል ጫማ ማጥለቅ ግድ ነው፤ እሾሁ እግር ውስጥ ይሰበራል።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ ማዕበሉ እስከሚሰበርበት ድረስ በእግር ሊሄድ ተነሳ። 4 ሰዓት ላይ ወጡ። ወረቀቱ ውሃው ጨርሶ የሚሸሸው 5 ሰዓት ከ10 ላይ ነው ይላል። “ገና ሰፊ ጊዜ አለን” አለኝ። እኔና እናቴ ዘንባባ ሥር ሰሌን አንጥፈን ተቀመጥን። እኔ ስልኬን እያየሁ ነበር።

“ሴቶቹ ለምን ወጡ?” አለች እናቴ።

ቀና አልኩ። ሴቶቹ ጆንያቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ ወደ መንደሩ እየተመለሱ ነው። “ሥራቸውን ጨርሰው ይሆናላ” አልኳት።

“አልጨረሱም። ያቺ ገመዷን ግማሽ አድርሳ ነው የተወችው።”

ሰዓቴን አየሁ፤ 6 ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ባሕሩ ከሩቅ ሲያዩት ምንም አልተለወጠም። ቅርባችን ያሉት ኩሬዎች ግን ተገናኝተው አንድ ሆነዋል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ የባሕሩ ወለል እንደ ጠረጴዛ ደልዳላ አይደለም። ወደ እኛ የቀረበው ክፍል ከመሐሉ ዝቅ ይላል። ውሃው ሲመለስ እዚያ ማዶ ላለ ሰው ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው ነው የሚሞላው።

ሦስት ነጠብጣብ ሆነው ይታዩኛል። ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር እያዩ ነው። ተነስቼ ጮህኩ። በዚህ ወቅት ኩሲ የሚሉት ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ ከባሕሩ ወደ ምድር ይነፍሳል፤ ድምፄን መልሶ ለራሴ ሰጠኝ። ስልክ ደወልኩ። የባለቤቴ ስልክ እዚያው ሰሌኑ ላይ ጮኸ፤ ውሃ እንዳይነካው ብሎ ትቶት ሄዷል።

እናቴ አልጮኸችም። እያነከሰች በመጨረሻ ወደምትወጣው ሴት ሄደች። እጇን ይዛ ወደ ሦስቱ ነጠብጣቦች አሳየቻት፤ “ልጆቼ” አለቻት በአማርኛ። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ አይታ ጆንያዋን መሬት ላይ ጣለችና መልሳ ውሃው ውስጥ ገባች። ቀጥታ አልሄደችም። ወደ ግራ ታጥፋ፣ የገመዱን ችካሎች ተከትላ፣ እኔ የማላየውን ከፍ ያለ አሸዋ እየረገጠች ሄደች። ከሩቅ ስታፏጭ ባለቤቴ ቀና ሲል አየሁት።

ውሃው በመጀመሪያው ሰዓት ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ከሁለተኛው ሰዓት በኋላ ይፈጥናል። ሲመለሱ ባለቤቴ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ነበር፤ ትንሹ ልጄ ትከሻው ላይ ሆኖ ፀጉሩን ጨብጦ ይዟል። ልጄን ደግሞ ሴትዮዋ በክንዷ አቅፋ፣ ውሃው ደረቷ ጋ ደርሶ፣ እየጎተተች አመጣቻት። ያ ሩብ ሰዓት ከዕድሜዬ ስንት እንደወሰደ አላውቅም።

ሴትዮዋ ባለቤቴን በስዋሂሊ ቆጣችው። አንድ ቃል አልገባንም፤ ሁሉም ግን ገባን። ገንዘብ ልሰጣት ስል እጄን መለሰችው። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ በረጠበው ካንጋዋ ላይ ደረበችላት። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ኮኮናት በራችን ላይ ተቀምጦ አገኘን።

ያን ዕለት ማታ ትንሹ ልጄ “ባሕሩ ከኋላ ነው የሚመጣው” እያለ እኔ ጎን ተኛ። ከዚያ በኋላ ጃምቢያኒ እስክንለቅ ድረስ እግሩን ውሃ አላስነካም። እኔና እናቴ በረንዳው ላይ አመሸን። ውሃው ጨለማው ውስጥ ይሰማል። ሳልጠይቃት ጀመረችልኝ።

“ከአሰብ ስንወጣ አልተሰናበትኩትም” አለች። “ጎረቤቶቼ ‘ነይ ለመጨረሻ እንየው’ ሲሉኝ፣ ‘እንመለስ የለም እንዴ፣ ምን ይሁን ብዬ’ አልኳቸው። አባትሽ ግን ሄዶ አይቶት መጣ። ማወቅ ነበረብኝ።”

ምን እንደምላት አላወቅሁም። እጇን ይዤ ዝም አልኩ።

ያዘኝ

በአምስተኛው ቀን ወደ ሰሜን ተጓዝን። ኬንድዋ ከጃምቢያኒ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ባሕሩ ግን ሌላ ባሕር ነው። በምሥራቁ ጠረፍ ወለሉ ሰፊና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል ርቆ ይሄዳል። እዚህ ግን ወለሉ ቶሎ ስለሚጠልቅ ውሃው ቢሸሽም ጥቂት እርምጃ ነው፤ በማንኛውም ሰዓት መዋኘት ይቻላል። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ኩሲም እንደ ምሥራቁ አይበረታም። ባለቤቴ ከአጠገቡ ካለው ከኑንግዊ በጀልባ ወጥቶ ኮራሉን አይቶ ተመለሰ። ሴት ልጄ ፀሐይ ባሕር ውስጥ ስትጠልቅ ያነሳችውን ፎቶ እስካሁን ታሳየኛለች።

ጉድለትም አለው። ሰው ይበዛዋል፣ ማታ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ዕቃ የሚሸጡና ጀልባ የሚያከራዩ ወጣቶች አያስቀምጡም። የፈለግሁት ጸጥታ ጃምቢያኒ ቀርቷል። ዋና ለማይችል ልጅና ጉልበቷ ለሚያማት እናት ግን የሚሻለው የትኛው እንደሆነ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ይህን አምስት ደቂቃ አዲስ አበባ እያለሁ ነበር ማጥፋት የነበረብኝ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውሃው ሞልቶ፣ እንደ ሐይቅ ረግቶ ነበር። ልጄ ከውሃው ርቆ አሸዋ ይቆፍራል። እናቴ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ወደ እሱ ሄደች።

“ማሙሽ፣ ልገባ ነው። ጉልበቴ አያስተማምንም፤ ያዘኝ እስቲ።”

ልጄ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ምንም አላልኩም። አካፋውን ጣለና እጇን ያዘ። “ፖሌ ፖሌ” አላት፤ ቀስ በቀስ ማለት ነው፣ እዚያው የለመደው ቃል። አንድ እርምጃ ሄዱ። ቆሙ። ሌላ እርምጃ ሄዱ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው፣ ከዚያ የእሱ ጉልበት፣ ከዚያ ወገቡ ደረሰ። በየመሐሉ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል። እሷም አብራው ትዞራለች። “ከኋላችን ማንም የለም” ስትለው ሰማሁ።

እናቴ ጎንበስ ብላ በእፍኟ ውሃ ቀዳች። ፊቷን ታበሰች። ከዚያ ጣቷን ላሰች።

“ያው ነው” አለች። ለማን እንዳለችው አላውቅም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። እሷን ሊይዝ የገባው ልጅ ሲወጣ አሸዋውን ረስቶት ነበር።

ከመክፈላችሁ በፊት

ከተመለስን ወዲህ ጓደኞቼ “የቱ ይሻላል?” እያሉ ይደውሉልኛል። አሁን መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔው እጠይቃቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ከእናንተ ውስጥ ደካማው ማን ነው? የባሕር ዳርቻ የሚመረጠው ለእሱ ነው። ዋና የማይችል ልጅ ወይም ሽማግሌ ካለ፣ ውሃው ርቆ የማይሸሽበት፣ ቀስ ብሎ የሚጠልቅና ማዕበሉ የረጋ ቦታ ይቅደም። ፎቶውና ጸጥታው ይከተላሉ። ለልጁ ልኩ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ሂዱ፤ የእኛ የመዋኛ ጎማ መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጨረቃዋ ምን ላይ ናት? በዚያ ጠረፍ በሙሉና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ውሃው ረፋድ ላይ ርቆ ይሸሻል፣ ከሰዓት 10 ገደማ ይሞላል። በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ደግሞ የሚሞላው ረፋዱ ላይ ነው፤ ሽሽቱም ያን ያህል አይርቅም። ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ ለትንንሽ ልጆች የሚመቸው ይኸኛው ነው። ከደረሳችሁ በኋላ የሰዓቱን ሰሌዳ ጠይቁ። መሸሻውን ብቻ ሳይሆን መመለሻውንም አንብቡ፤ ርቃችሁ ከሄዳችሁ ውሃው ጨርሶ ሳይሸሽ መመለስ ጀምሩ።

ሦስተኛ፣ ነፋሱ ከየት ነው? ከሰኔ እስከ መስከረም የምሥራቁ ጠረፍ ነፋሻማ ነው። ፓጄ በዚህ ወቅት በካይት ለሚንሳፈፉ ገነት ነው፤ ጥላ ይዞ ለሚቀመጥ ቤተሰብ ግን አሸዋው ምግብ ውስጥ ይገባል።

አራተኛ፣ ቦታው የማን ነው? ዛንዚባር በአብዛኛው ሙስሊም የሆነ ሕዝብ አገር ናት። ከባሕሩ ወጥተው መንደር ሲገቡ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ለአገሬው አክብሮት ነው። እናቴ በነጠላዋ የትም ስትሄድ “ማማ፣ ካሪቡ” እየተባለች ነበር። ደግሞም ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ስለሚያስፈልግ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ ያዙት።

አምስተኛው የእናቴ ነው። ወረቀቱም ስልኩም ሳይኖር አገሬውን እዩ። ሴቶቹ ሲገቡ ግቡ፤ ሲወጡ አብራችሁ ውጡ።

ጃምቢያኒን መርጬ ተሳስቻለሁ አልልም። ውሃው ሲሸሽ የሚታየውን ያን ዓለም ልጆቼ ባያዩት ይቆጨኝ ነበር። እንደገና ብሄድ ሁለት ሌሊት እዚያ፣ አምስት ሌሊት ሰሜን አድር ነበር። የተሳሳትኩት የአንድ ሰዓት ፎቶ አይቼ ሃያ አራቱን ሰዓት የከፈልኩበት ላይ ነው።

ባለፈው ሰሞን መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ እራት በልተን በረንዳ ላይ ወጣን። ጨረቃዋ ሙሉ ናት። ልጄ አንጋጦ አያትና ሰዓት ጠየቀኝ። ነገርኩት።

“እማማ፣ ነገ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ጃምቢያኒ ባሕሩ አይኖርም” አላት። “ሴቶቹ ሥራ ይገባሉ።”

እናቴ ጋቢዋን ትከሻው ላይ ደረበችለት። “ስንት ሰዓት ይወጣሉ?” አለችው።

በጣቱ መቁጠር ጀመረ።